ጭላዳዎቹን ምን እናልብሳቸው? ባሌት በደብረ ብርሃን፣ ከአልባሳት እስከ መድረክ

ጓሳ_ሳር
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ሥዕል አስተምራለሁ። እዚህ አንድ የወጣቶች የዳንስ ቡድን አለ። አሰልጣኛቸው አዲስ አበባ ባሌት የተማረች ልጅ ናት። አሁን ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆን የራሳቸውን ሥራ እያዘጋጁ ነው። ታሪኩ መንዝ ጓሳ ላይ ነው። እረኛ ልጅ አለ፣ ጉም አለ፣ የጭላዳ መንጋ አለ። ልጁ ከመንጋው ጋር ይላመዳል። ሲመሽ ጭላዳዎቹ ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ፣ እሱ ሜዳው ላይ ይቀራል። በቃ ይኸው ነው።

አልባሳቱና መድረኩ እኔ ላይ ወድቋል። መሳል እችላለሁ። ለሚዘል ሰው ልብስ ነድፌ ግን አላውቅም። አዳራሹ እንደምታውቁት ዓይነት ነው። ለስብሰባ የተሠራ፣ መድረኩ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከፊት ቀይ ከፋይ መጋረጃ። ገንዘቡን ባልነግራችሁ ይሻላል።

የተምታታብኝ ይሄ ነው። ባሌት ሲባል ሰው ነጭ ቱቱ፣ ያንን ከመረብ ጨርቅ የሚሰፋ የባሌት ቀሚስ ይጠብቃል። ጭላዳ ደግሞ ቱቱ አይለብስም። የመንዝ በርኖስና ዝተት እያለ የሰው አገር ቀሚስ መስፋትም ደስ አላለኝም። ገደሉንስ በኮምፔርሳቶ ላቁመው ወይስ ጨርቅ ላይ ልሳለው? ለጉሙ የጭስ ማሽን ከአዲስ አበባ ተከራዩ ያለን ሰው አለ። የምታውቁ እስቲ ተናገሩ።


የመንዝ_በርኖስ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ይሄማ ምን ጥያቄ አለው? በርኖስ ነዋ! ጓሳ ላይ ቱቱ የለበሰ እረኛ ማን አየ? ጥቁር በርኖስ ትከሻው ላይ ጣል ይደረግ፣ ዝተቱ መሬት ላይ ይነጠፍ፣ ባናውን ደግሞ ጭላዳዎቹ ይልበሱት። የራሳችን በግ ሱፍ፣ የራሳችን ሸማኔ። አለቀ።


መጋረጃ_ጎታች
ሰኞ፣ ማታ 3፡05

ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት መጋረጃ ስጎትት፣ ዕቃ ስሸከምና መብራት ስሰቅል ነው ያረጀሁት። ጡረታ ወጥቼ ሸዋ ሮቢት ገብቻለሁ፤ ብርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ዲዛይነር አይደለሁም። ዲዛይነሮች የነደፉትን ተሸክሜ በር አልገባ ብሎኝ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

ልብሱን ሰፊዎች ይንገሩሽ። እኔ መድረኩን ልበልሽ። ተዋናይ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጠረጴዛ ይደገፋል። ለእሱ ዕቃ ብታበዢለት አይከፋውም። ተወዛዋዥ ግን የሚፈልገው ወለሉን ነው። መሃሉ ባዶ ይሁን። ለዚህ ነው የባሌት መድረክ ውበቱ ሁሉ ከኋላና ከጎን የሚሆነው። ከኋላ አንድ ትልቅ የተሳለ ጨርቅ ይሰቀላል። በግራና በቀኝ ጠበብ ያሉ ጨርቆች ከላይ እስከ ታች ይወርዳሉ። በእነሱ መካከል ያለው ክፍተት መግቢያና መውጫ ነው። ገደሉን በኮምፔርሳቶና በሞራሌ ሠርተሽ መሃል ብታቆሚው ልጆቹ ዙሪያውን ሲዞሩ ያመሻሉ።

አንድ ነገር አትርሺ። እየዘለለ የሚወጣ ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ እንደደረሰ አይቆምም። ሮጦ ነው የሚቆመው። የስብሰባ አዳራሽ ደግሞ ከጎን ግድግዳ ነው ያለው። ስለዚህ የጎን ጨርቆቹን ወደ መሃል አስጠጊያቸው። መድረኩ ጠበበ ብለሽ አትዘኚ፤ ግድግዳ ላይ የሚላተም ልጅ ከማየት ይሻላል።

ለጀርባው አቡጀዲ ግዢ። ቁራጮቹን ስትገጣጥሚ ስፌቱ አግድም ይሁን። ያኔ የጨርቁ ክብደት ራሱ ስፌቱን ስለሚወጥረው ከሩቅ አይታይም። ቁም ከሰፋሽው ይሸበሸባል፣ መብራት ሲያርፍበት ደግሞ ጥላ ይሠራል። ከላይ የገመድ ማሰሪያ፣ ከታች የብረት ቧንቧ የሚገባበት እጥፋት ይኑረው። ከመሳልሽ በፊት ወጥረሽ ቀጠን ባለ ኮላ ቀቢው፣ አለዚያ ቀለሙን ጠጥቶ ይጨርስብሻል። ወፍራም የግድግዳ ቀለም አትደራርቢበት። ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪው ወለል ላይ ይራገፋል።

የጭስ ማሽኑን ተዪው። ጭሱ ሲበርድ ወለሉ ላይ ቀጭን እርጥበት ያስቀራል፣ እሱ ያንሸራትታል። ጉም ከፈለግሽ ሻሽ አለልሽ። ስስ ጨርቅ መድረኩን አቋርጦ ይሰቀል። ከፊት በኩል ከጎን ስታበሪበት ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ ከኋላው ያለው አይታይም። የፊቱን መብራት ቀስ እያልሽ ቀንሰሽ ከኋላ ያሉትን ልጆች ስታበሪ ጨርቁ የለም። መንጋው ከጉም ውስጥ ወጣ ማለት ነው። በዓለም ትልልቅ ቴአትር ቤቶችም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የእነሱ ጨርቅ ብቻ ነው የተሻለ።


ሰፊዋ_ከጠባሴ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

እኔ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለባሌትም ሰፍቼ አውቃለሁ። እህቴ፣ ስለ ቱቱ ልንገርሽና ራስሽ ወስኚ።

አጭሩና ጠፍጣፋው ቱቱ ቀሚስ እንዳይመስልሽ። ከላይ ደረትና ወገብ አጥብቆ የሚይዝ ክፍል አለው። ከብዙ ቁራጭ ይሰፋል፣ ጨርቁም የማይለጠጥ ነው። ከሥሩ ዳሌ ላይ የሚያርፍ መታጠቂያ አለ። ከዚያ ፓንቱ፣ ፓንቱ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ድርብ መረብ ጨርቅ እየተሸበሸበ ይሰፋል። ታችኛው አጭር ነው፣ ወደ ላይ እየረዘመ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ድርቦቹ እንዳይበታተኑ በላላ ክር በእጅ ይያያዛሉ። አንዳንዱ ሽቦም ይገባበታል። የለመደች ሰፊ እንኳ አንዱን በሁለት ሦስት ቀን አትጨርሰውም። ለመንጋ ሙሉ ጭላዳ ታስቢያለሽ?

ጨርቁም ሌላ ጣጣ ነው። ለሙሽራ የምንጠቀምበት ለስላሳ ቱል ለዚህ አይሆንም፤ ይተኛል። ደረቅ ያለው መረብ ነው የሚቆመው። እሱን እዚህ ሁልጊዜ አታገኚም፣ መርካቶ መውረድ አለ።

እስከ ባት የሚወርደው ረጅሙ ይቀላል። ድርቡም ጥቂት ነው፣ ስህተትም ይደብቃል። ቀሚስ የግድ ከሆነ እሱን ያዢ።

ምንም ብትሰፊ ግን እነዚህን ስሚኝ። ዚፕ አታስገቢ። መድረክ ላይ ዚፕ ከተበጠሰ አለቀ። መንጠቆ ብትጠቀሚ አንዱ ቢላቀቅ ሌላው ይይዛል። መንጠቆውን ሁለት ሦስት ረድፍ አድርጊው፤ ልጅቷ ብትታመምና ሌላ ብትተካት ልብሱ ለእሷም ይሆናል። ብብት ሥር ደግሞ ትርፍ ቁራጭ ጨምሪ። እሱ ከሌለ ልጅቷ እጇን ባነሳች ቁጥር ልብሱ አብሮ ይነሳል፣ ወገቧ ይታያል። ተመልካች የሚያየው ያንን እንጂ ዳንሱን አይደለም።


ዝምታ_ወርቅ
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡00

አይ እናንተ! እንቅጥቅጥ ያለው ሕዝብ ባሌት ምን ያደርግለታል? የሸዋ ሰው በአንገቱና በትከሻው የሚናገረውን በእግር ጣት ቆሞ ሊናገረው ነው? ገንዘቡን ለባህል ቡድኑ ስጡት። ከበሮና ማሲንቆ ይገዛበት።


አንኮበሬ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ዝምታ ወርቅ፣ ስምህና አንተ አልተገናኛችሁም። ግን የተናገርከው ውስጥ ሳታስበው የጓሳ ሳርን ጥያቄ መልሰህላታል። እንቅጥቅጥ አንገትና ትከሻ ላይ ነው ብለሃል። ስለዚህ አንገትና ትከሻን የሚሸፍን ልብስ ለእንቅጥቅጥ አይሆንም። ባሌት እግር ላይ ነው። ስለዚህ እግርን የሚሸፍን ልብስ ለባሌት አይሆንም። ቱቱ የመጣው ከዚህ ነው፣ ለጌጥ አይደለም።

ታሪኩን ተመልከቱት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ላይ ሴቶች የሚደንሱት መሬት በሚደርስ ከባድ ቀሚስ ነበር። ማሪ ካማርጎ የምትባል ፈጣን ተወዛዋዥ መጣች። የእግሯ ሥራ እንዲታይ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚት አሳጠረችው፤ በዚያ ዘመን ነውር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1832 ማሪ ታሊዮኒ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ባሌት ላይ በእግር ጣቷ ስትቆም ነጩ፣ ስሱ፣ እስከ ባት የሚወርደው ቀሚስ ተወለደ። መንፈስ ናት፣ መሬት አትነካም፣ ልብሱም እንደዚያው። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ዙሩና ዝላዩ ሲከብድ ጉልበትና ጭን መታየት ነበረበት። ያኔ ቀሚሱ አጥሮ ጠፍጣፋ ሆነ። ሰፊዋ የገለጸችልሽ እሱን ነው።

እና ጓሳ ሳር፣ ጥያቄሽ ቱቱ ወይስ በርኖስ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚንቀሳቀሰው በየትኛው አካሉ ነው? እሱን ካወቅሽ ልብሱን እዚያ ላይ ክፈቺው። ሌላውን እንደፈለግሽ ሸፍኚ።

የመንዝ በርኖስ ደግሞ ሱፍ ለባሌት አይሆንም ብሎ የሚመልስልህ አይጥፋ፤ እኔ ግን በከፊል ካንተ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1913 የሩሲያዊው ዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን በስትራቪንስኪ ሙዚቃ የተሠራውን «የጸደይ ሥርዓት» ፓሪስ ላይ ሲያሳይ አልባሳቱን የነደፈው ኒኮላይ ሮሪክ ነበር። የጥንት ሩሲያ ገበሬዎችን ልብስ ያጠና ሰው ነው። ያለበሳቸው ሱፍ ነበር። ከባድ፣ የሚያሞቅ፣ ጠርዙ ሁሉ በጥለት የተሞላ። ተወዛዋዦቹ አልወደዱትም። ግን ኒጂንስኪ ያቀናበረው ዳንስ መሬት የሚረግጥ፣ ጉልበት የሚታጠፍበት፣ እግር ወደ ውስጥ የሚዞርበት ነበር። እዚያ ላይ ስስ ቀሚስ ቢሆን ኖሮ ያስቅ ነበር። ከባድ ልብስ ለከባድ እርምጃ ይሆናል። ለሚበር ሰው ግን አይሆንም።


የመንዝ_በርኖስ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

በከፊል ማለት ምን ማለት ነው? ሙሉ በሙሉ ከእኔ ጋር ሁን እንጂ። ያንኮበር ሰው መቼም።


አንኮበሬ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

እረኛው ሲቆም በርኖሱን ይልበስ። ሲዘል ይጣለው። አወጣጡም ራሱ ዳንስ ይሆናል። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ስለ ቀለም ግን ልጨምር። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለደው እኛ ዘንድ አንኮበር ነው። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ይየው። ሰዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የልብሳቸው እጥፋት በወፍራም መስመር ተከፍሏል፣ ቀለሙ ጥቂት ነው፣ ብርሃኑ ከኋላ ይመጣል። ለመድረክ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1910 ዲዛይነሩ ሌዮን ባክስት «ሼህራዛድ» በተባለው ባሌት ላይ ፓሪስን ያስደነገጠው በዚሁ ድፍረት ነው። አረንጓዴና ሰማያዊውን አጠገብ ለአጠገብ አደረገው፣ ብርቱካናማና ቀዩን አስገባበት። ከዚያ በኋላ የከተማው ፋሽን ሁሉ ተከተለው።


አንድ_ሁለት_ሦስት
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

የልጆቹ አሰልጣኝ እኔ ነኝ። ጓሳ ሳር እዚህ እየጠየቀች መሆኑን ትናንት ነው የነገረችኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከተወዛዋዥ በኩል ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ ጌጥ። ዶቃ፣ ፈርጥ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ወገብ ላይ አታድርጉ። ወንዱ ሴቷን የሚያነሳት እዚያ ይዞ ነው፣ እጁን ይፍቀዋል። ከዚያ የባሰው ሲረግፍ ነው። አንዲት ዶቃ ወለል ላይ ካለች አንድ ልጅ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ የልብሱ ክብደት ዙርን ይለውጣል። ከባድ ቀሚስ ለብሶ የሚዞር ሰው እሱ ሲቆም ቀሚሱ አይቆምም፤ ጎትቶ ያዞረዋል። ይሄ ሊለመድ ይችላል፣ አንዳንዴ እንዲያውም ያምራል። ግን ልብሱ በዋዜማው ከመጣ አይለመድም። ከባድ የምትሉትን ሁሉ ቀድማችሁ ስጡኝ። ሳያልቅም ቢሆን፣ አሮጌ ባና ቆርጣችሁም ቢሆን። ልጆቹ ክብደቱን ለብሰው ይለማመዱ።

ሦስተኛ ወለሉ። ሲሚንቶ ላይ መዝለል ጉልበትና ባት ይጎዳል። ዲዛይን ስትሉ ወለሉን ካልቆጠራችሁት እኔ ልጆቹን አላዘልልም። ሞራሌ በመስቀለኛ ተደርድሮ፣ ከሥሩ ቁርጥራጭ ጎማ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ኮምፔርሳቶ ቢመታ በቂ ነው፣ ይነጥራል። ምስማሩ አናቱ የማይወጣ ይሁን። ላዩ ላይ ሊኖሊየም ብታነጥፉም የሚያንሸራትተውን አይደለም። አንጸባራቂ ከሆነ ደግሞ የመብራቱን ሥራ ያበላሽባችኋል።

ብርዱ አራተኛ ነው። እኔ አዲስ አበባ ስማር ያልገጠመኝ ነገር እዚህ ገጠመኝ። ልጆቹ ሰውነታቸውን አሟሙቀው ጎን ላይ ተራ ሲጠብቁ ይቀዘቅዛሉ። የቀዘቀዘ ጡንቻ ሲዘል ይቀደዳል። ከመጋረጃው ጀርባ በየመግቢያው ጋቢ ይሰቀል። የብርድ ልብስ ከተማ ውስጥ እያለን ልጅ በብርድ አናስጎዳ።


መጋረጃ_ጎታች
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡45

ይህች ልጅ ሥራዋን ታውቃለች። ጋቢውን ለመስቀል ረጅም ምስማር ግድግዳው ላይ ምቱ፣ መሬት ላይ አይጣል። በጨለማ ጋቢ ላይ የሚሰናከለው ሰው እኔ ነበርኩ።


ፓውዛ
ረቡዕ፣ ቀን 8፡30

መብራት ሠራተኛ ነኝ፣ ሠርግና ኮንሰርት። ሁለት ነገር ብቻ።

ፓውዛውን ፊት ለፊት ብቻ አትደርድሩ። ከፊት ብቻ ሲበራ ሰው ጠፍጣፋ ይሆናል። ለዳንስ ከጎን ነው የሚበራው፣ በጎን ጨርቆቹ መካከል፣ ዝቅ ብሎም ከፍ ብሎም። ያኔ ክንድና እግር ቅርጽ ያወጣል። ወለሉም ጨለም ስለሚል ሰው የተንሳፈፈ ይመስላል።

የድሮው ፓውዛ እንደ እሳት ነው የሚግለው። መረብ ጨርቅ፣ ሻሽና ሳር ከአጠገቡ ይራቅ። ኤልኢዲ ካገኛችሁ ይሻላል። ጧፍና ሻማ ለውበት ብላችሁ እንዳታስቡ።


አንኮበሬ
ረቡዕ፣ ማታ 12፡50

ፓውዛ ያለውን ቀልድ አታድርጉት። ኤማ ሊቭሪ የምትባል የፓሪስ ኦፔራ ኮከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1862 ልምምድ ላይ እያለች የጋዝ መብራት ቀሚሷን ያዘው። በቀጣዩ ዓመት ከቃጠሎው ጋር በተያያዘ ሞተች፤ ገና 20 ዓመቷ ነበር። እሳት እንዳይዘው በኬሚካል የተነከረ ጨርቅ በዚያ ዘመን ነበረ። እሷ ግን ጨርቁ ይደርቃል፣ ነጭነቱም ይደበዝዛል ብላ አልለብስም አለች።


የመንዝ_በርኖስ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ሱፍ ቶሎ እሳት አይዘውም። እኔ ምንም አላልኩም።

ከምር ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሁላችሁም በርኖስ በርኖስ ስትሉ ገሳን ረሳችሁት። ራሱ ከጓሳ ሳር ነው የሚሠራው። እረኛ ዝናብ ሲመጣ ከአናቱ እስከ ወገቡ የሚጥለው። ሲሮጥ ሳሩ ይወዛወዛል፣ ሲዞር ይከፈታል። ለዳንስ ከዚህ በላይ ምን አለ? ቀላልም ነው። ጭላዳ ወንዱ ጎፈሩን አስቡት፣ አንድ ነው። ልጁ ገሳ ሲለብስ መንጋውን ይመስላል። ታሪካችሁ ይሄ አይደል እንዴ?


ጓሳ_ሳር
ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ይሄን ያህል ሰው አጠገቤ አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ወንድሜ፣ የገሳውን ነገር ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ! ልጁና መንጋው አንድ ቅርጽ ሲኖራቸው ታሪኩ ያለ ቃል ይገባል። እረኛው በገሳ ይገባል። ጭላዳዎቹ ትከሻቸው ላይ ያው ቅርጽ ያለው ጎፈር ይኖራቸዋል። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ደግሞ በአንድ ቀይ ጨርቅ ይታያል። ሌላ ጭንብል፣ ጅራት፣ ፀጉር የለም። ከወገብ በታች ታይት ብቻ፣ የድንጋይ ቀለም። እግራቸው ክፍት ይሆናል።


አንድ_ሁለት_ሦስት
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ቅርጹን ወደድኩት። እውነተኛ ሳር ግን አይሆንም። ይረግፋል፣ ከዶቃ አይሻልም።


ሰፊዋ_ከጠባሴ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

ለሱ መላ አለኝ። የማዳበሪያ ጆንያ ውሰዱ። ማጉን እየመዘዛችሁ ስታወጡት ድሩ እንደ ሳር ይንጠለጠላል። ከላይ ያለውን ጠርዝ ሳትተረትሩ ተዉት፣ እሱን በጥብጣብ አጥፌ እሰፋዋለሁ፣ አይረግፍም። በቀለም ብትረጩት ከሩቅ ማንም አይለየውም። ፕላስቲክ ስለሆነ ግን ፓውዛ ያለውን አስታውሱ፣ ሲግል ይቀልጣል።

ሸማኔ ጋ ሄደሽ ጥበብ ለማሠራት እንዳታስቢ። በቅርብ የሚያምረው ጥበብ ከአሥረኛው ረድፍ ሲታይ ግራጫ መስመር ነው። መድረክ ላይ ጥለት በሦስት በአራት እጥፍ ይተልቃል። በሰፊ ጥብጣብና በቀለም ይሠራል እንጂ በጥሩ ጥልፍ አይደለም። ነጭ ጨርቅ ካለም ነጩን ሻይ ቅጠል ውስጥ ነክሪው። ንጹሕ ነጭ መብራት ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፣ የልጅቷን ፊት ያጠፋዋል።


ዝምታ_ወርቅ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡35

ማዳበሪያ ጆንያ ለብሶ ባሌት! የሸዋ ባሌት ማለት ይሄ ነው። እሺ፣ አንድ ጥያቄ። ልብሱ ሲላብ የት ይታጠባል? መረቡም ጆንያውም ውኃ የሚወድ አይመስለኝም።


ሰፊዋ_ከጠባሴ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

ጥሩ ጠየቅህ። ከውስጥ የሚነቀል የጥጥ ገበር ይኖረዋል፣ የሚታጠበው እሱ ነው። ለቀረው ውጭ አገር የአልባሳት ክፍሎች ቮድካ በውኃ አቅጥነው ይረጩበታል። አልኮሉ ሽታውን ይዞ ይተናል።


የመንዝ_በርኖስ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

አረቄ! ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ ሞልቶ!


ሰፊዋ_ከጠባሴ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡05

አረቄ የራሱ ሽታ አለው። ልጆቹ ከጠጅ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ከፋርማሲ አልኮል ግዙ። አረቄውን አንተ ጠጣው።


መጋረጃ_ጎታች
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ስለ ገደሉ አልጨረስንም። ጣሪያችሁ ዝቅ ያለ ነው። ሙሉ ገደል ብትስዪ ኮረብታ ነው የሚመስለው። ጫፉን ብቻ ሳዪ። መሬቱ የሚያልቅበትን መስመር ወደ ታች አውርጂው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይበል። ከእሱ በላይ ሰማይ ብቻ፣ ሌላ ተራራ የለ፣ ዛፍ የለ። ሰው ከሩቅ የሌለውን ጥልቀት ራሱ ይሞላዋል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ሰው ይገባዋል።

መንጋው ወደ ገደሉ ሲወርድ ከተሳለው ጨርቅ ፊት ዝቅ ያለ ረጅም ጨርቅ ወጥራችሁ ከኋላው ቀስ እያሉ ይንበርከኩ። መጀመሪያ እግር ይጠፋል፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ቀጥሎ ጎፈር። ደረጃ አያስፈልግም፣ ጉድጓድ አያስፈልግም።


ጓሳ_ሳር
ሐሙስ፣ ቀን 6፡10

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ዛሬ ጠዋት በዚህ ሐሳብ ትንሽ ሞዴል ከካርቶን ሠራሁ። ጉልበት ላይ ያለው መስመር ልክ ነው፤ ከፍ ሳደርገው አጥር መሰለብኝ። ሰማዩን ከላይ ወደ ታች እየደመቀ የሚሄድ ግራጫ ላደርገው ነው። የሚጮኸው ቀለም የጭላዳዎቹ ደረት ብቻ ይሆናል።

አንድ ያልተስማማንበት ቀረ። ልጁ መጨረሻ ላይ ብቻውን ሲቀር ገሳውን ያውልቅ ወይስ ይልበስ? አሰልጣኟ ይልበስ ትላለች፤ መንጋው ሄዶም የመንጋው ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ያውልቅ ባይ ነኝ። ጎኑና ጀርባው ካልታየ መጨረሻ ላይ ያለው ዝግ ያለ ዳንስ በጆንያ ተሸፍኖ ይቀራል።


አንኮበሬ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡40

የመጨረሻው ዳንስ ጀርባ ላይ ከሆነ ጀርባው ይከፈት። ከዚህ በፊት ያልኩት ነው።


አንድ_ሁለት_ሦስት
ሐሙስ፣ ቀን 7፡05

እሺ፣ ሁለቱንም በልምምድ እናየዋለን። ግን ካወለቀው የት ያስቀምጠዋል? መሃል ላይ ከጣለው ተሰናክሎበት ይወድቃል። ዳንሱ ውስጥ ቦታ ልፈልግለት ነው ማለት ነው።


የመንዝ_በርኖስ
ሐሙስ፣ ቀን 7፡15

ገሳውን አውልቆ በርኖስ ይልበስ።


ሰፊዋ_ከጠባሴ
ሐሙስ፣ ማታ 12፡30

እናንተ ስትከራከሩ ቀኑ እየሄደ ነው። ልክ ላኩልኝ። ደረት፣ ወገብና ዳሌ ብቻ አይበቃኝም። ሜትሩን ከአንድ ትከሻ አናት ጀምራችሁ ከፊት ወደ ታች፣ በእግሮች መካከል አሳልፋችሁ፣ በጀርባ ወደዚያው ትከሻ መልሱት። ለባሌት ልብስ ዋናው ልክ እሱ ነው። እሱ ካጠረ ልጁ ባጎነበሰ ቁጥር ትከሻው ይታረዳል፣ ከረዘመ ደግሞ ይዝረከረካል። ቆመውም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተውም ለኩ። ስም ከጎኑ ጻፉ፤ ባለፈው አንድ ቡድን ቁጥር ብቻ ልኮልኝ የማን ደረት እንደሆነ ሳላውቅ ሰፍቻለሁ። ጆንያውን ታጥቦ ደርቆ አምጡት፣ የማዳበሪያ ብናኝ ለልጅ ቆዳ ጥሩ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት እገኛለሁ። እሁድ አልሠራም።